ቁጥር የተጻፈበት መብሻ

መርሳ ላይ ኮርቻ ሲሠሩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ። ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ካቆሙ ወዲህ የቆዳ መብሻዎቻቸው ጆንያ ውስጥ ዝገው ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ብለው እንደገና የበቅሎ ኮርቻ እየሠሩ አገኘኋቸው። መብሻዎቹ ስለዛጉ የማሰሪያው ጠፍር ብቻ ሳይበሳ ቀርቷል። «መብሻዎቹን ይስጡኝና ላድስልዎት፤ በሳምንት አመጣቸዋለሁ» አልኳቸው። ይህ አፌ መቼም አያርፍም።

ወልድያ ቤቴ ወስጄ ላምባ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። ሦስቱ አፋቸው ተሸርፎ ስለነበር አልተረፉም። አራተኛውን ግን፣ ጫፉ እንደ ቱቦ ክፍት የሆነውን፣ ውስጡን በቀጭን ሽቦ ፋቅሁት፤ ውጭውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ በሞረድ ሳልኩት። ለሙከራ የራሴን ቀበቶ በሳሁ። ቀዳዳው ስላማረኝ አምስት ጊዜ ደገምኩት።

ከዚያ ጥፋት ሠራሁ፤ ለመታየት ብዬ መሥሪያ ቤት ይዤው ሄድኩ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። የወረቀት መብሻችን ከተሰበረ ሁለት የበጀት ዓመት አልፎታል። አዲስ ይገዛልን ያልንበት ደብዳቤ ራሱ ስላልተበሳ ፋይል ውስጥ መግባት አልቻለም። እኔ ሃያ ወረቀት ግንድ ቁራጭ ላይ ደርቤ መብሻውን አንዴ በመዶሻ ብመታው ጥርት ያለ ቀዳዳ ወጣ። እስከ ምሳ ሰዓት የቢሮዬ በር ላይ ሰልፍ ቆመ። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ «የውስጥ አቅምን አሟጦ የመጠቀም ተሞክሮ» ብለው አመሰገኑኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

በዚያው ሳምንት የንብረት ቆጠራ መጣ። ቆጣሪዋ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ሁሉ የመንግሥት ነው ብላ ታምናለች። መብሻው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፈችበት።

«የሰው አደራ ነው እኮ» አልኳት።

«ሲገባ የግል መሆኑ ተመዝግቧል?»

አልተመዘገበም። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እስኪወስን ድረስም መብሻው ከግቢ እንዳይወጣ ታዘዘ። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ፤ ቃለ ጉባኤዎቹንም በዚያው መብሻ የበሳሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ሲደውሉ ስልክ ማንሳት ተውኩ።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ጠፍሩን በብብታቸው ይዘው በሚኒባስ መጡ። በር ላይ ተፈትሸው ገቡ። ነገሩን ስነግራቸው አልተቆጡም። መብሻውን ተቀብለው አፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ወረቀት ስትበሳበት ነበር፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ወረቀት እኮ ስለት ይበላል።» ጣታቸው ቀለሙ ላይ ደርሶ ቆመ። «ይኸስ ምንድን ነው?»

«ቁጥር ነው። እንዳይጠፋ።»

«ወላሂ፣ አርባ ዓመት ያለ ቁጥር ይዤው አልጠፋብኝም። ላንተ በሰጠሁ በወሩ ጠፋ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ጠፍሩን ወጥሬ ያዝኩላቸው፤ ስድስቱን ቀዳዳ ራሳቸው እየዳሰሱ በሱ። ሲጨርሱ መብሻውን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ፋይሎቹ አጠገብ፣ ቁጥሩን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡልኝና ወደ መርሳ ተመለሱ።