የብድሬው ደላላ ትንሽ ጣት

ቅዳሜ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ

ከሮቤ ተነሣሁ። የምሄደው ብድሬ ነው። ከወራት በፊት የሥጋ ደዌ መድኃኒት ያስጀመርሁት ከድር የተባለ የከብት ደላላ፣ ቀኝ እጁ ስላበጠ መድኃኒቱን ማቆሙን ሰማሁ። በብድሬ ገበያ ዋጋ የሚነገረው በጋቢ ሥር ጣት በመጨበጥ ነው፤ የእጁ ነርቭ ከሞተ ሥራው አብሮ ይሞታል።

ጎባ ላይ የጭነት መኪና ተሳፈርሁ። ኬላው ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ «በዚህ ዕድሜዎ ቆላ ምን ሊሠሩ?» አለኝ።

«መድኃኒት ላደርስ።»

አሳለፈን። ሳነቴ ላይ ከጅብራው ተክል ሥር አመዳዩ ገና አልቀለጠም ነበር። ሐረና ደን ስንገባ ሾፌሩ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አካፈለኝ። ብድሬ የደረስነው ሲመሽ ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ብድሬ

ከድር ቤት ገብቼ የቀኝ ክርኑን ዳሰስሁ፤ ነርቩ እንደ ገመድ ወፍሯል። ጋቢዬን በእጆቻችን ላይ ጣልሁና ከአመልካቹ እስከ ትንሿ አራቱን ጣቶቹን ጨበጥሁ።

«ስንት ነው?»

«ሦስት።» ትንሿን ጣቱን አልሰማትም።

ሚስቱ ዘይነባ ሳቀች። «ገበያም እንዲህ ነው የሚያደርገው! በግራዬ እሠራለሁ ይላል ደግሞ። በግራ እጅ ዋጋ የሚቀበለው የትኛው እስላም ነው?»

«መድኃኒትዎ ነው ያበላሸኝ፣ ዶክተር» አለ ከድር።

«መድኃኒቱ ጀርሙን ገድሏል። በሰውነትህ ግን ጀርም ውጠው፣ ስብርባሪውን ለተዋጊዎቹ ሴሎች የሚያሳዩ ሌሎች ሴሎች አሉ።»

«እንደኔ ደላላ ናቸዋ!»

«ናቸው። አሁን ነርቭህ ውስጥ የቀረውን የጀርም ሬሳ እያሳዩ ነው። ተዋጊዎቹም ጠላት ያለ መስሏቸው ነርቩን ያቃጥሉታል።»

ከድር ራሱን ነቀነቀ። «የሞተ በሬ ገበያ የሚያወጣ ደላላ! አላህ አያድርገኝ። ዝም የሚያሰኛቸው የለም?»

«ይህ ክኒን። የፊተኛውም አይቋረጥም።»

«ዋላሂ፣ ሁለቱንም እውጣለሁ።»

«እኔ ነኝ የማስውጠው» አለች ዘይነባ፣ ክኒኖቹን ከእጄ ተቀብላ።

ማክሰኞ፣ ሮቤ

ከቀትር በኋላ ቤቴ ገባሁ። ጀርሙ ሞተ ማለት በሽታው አለቀ ማለት እንዳልሆነ በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ በጋቢ ሥር ግን በእጄ ጨበጥሁት። እነዚያ ሴሎች በአንዱ ሰው ጸጥ ብለው በሌላው ለምን ተዋጊዎቹን እንዲህ እንደሚቀሰቅሱ አላውቅም። የከድር ትንሽ ጣት መልሳ ትሰማ እንደሆነም ገና አላውቅም።