ጋሽ ሰይድ ያቃኑት ዘንግ

ሰሞኑን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ደብተር ሳርም አንዷ ሕዋሳችን ለኃይል የሚጠቀምበትን ኤቲፒ የሚሠራውን ኢንዛይም በማስመሪያ ስላ አገኘኋት። መሐሉ ላይ ያለው ዘንግ ቀጥ ብሏል። ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ስህተት ነው። እኔም በዚሁ ዘንግ የተነሣ ከምርቃት ልቀር ነበር።

የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። ለመመረቅ የቀረኝ ይህ ኢንዛይም እንዴት እንደሚሠራ በሞዴል ማሳየት ብቻ ነው። ኢንዛይሙ በማይቶኮንድሪያ የውስጥ ሽፋን ላይ የተተከለ ትንሽ ሞተር ነው ማለት ይቻላል። ፕሮቶኖች በእሱ በኩል ሽፋኑን ሲያልፉ ዘንጉን ያዞሩታል። ዘንጉን ሦስት ኪሶች ከበውታል። ጎባጣ ስለሆነ ሲዞር ሦስቱን እኩል አይነካቸውም፦ አንዱ ኪስ ጥሬ ዕቃዎቹን ኤዲፒና ፎስፌት ሲቀበል፣ ሌላው አጥብቆ ያጣምራቸዋል፣ ሦስተኛው ተከፍቶ ያለቀውን ኤቲፒ ይለቃል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ።

ሞዴሉን በብረት እንዲሠሩልኝ ሥዕሌን ይዤ እዚያው ሰፈራችን ጎሮ ብየዳ ቤት ወዳላቸው ወሎዬው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ሄድኩ። "ዘንጉ እዚህ ጋ ይጉበጥ" አልኳቸው።

"አብሽሪ የኔ ልጅ፣ እንደ ሰዓት ነው የሚዞርልሽ!"

የማቀርብበት ቀን ጠዋት በማዳበሪያ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሰኔ ነበር፤ የጎሮ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። ታክሲ ውስጥ ትኩስ ሳምቡሳዬን እየበላሁ ንግግሬን አጠናሁ እንጂ ጥቅሉን አልፈታሁትም።

ክፍል ውስጥ እጀታውን አዞርኩ። ዘንጉ ያለ ድምፅ ሽር አለ። በኪሶቹ ፈንታ የተሠሩት ሦስት የቆርቆሮ በሮች ግን ንቅንቅ አላሉም።

"ቬንትሌተር ነው እንዴ ያመጣሽልን?" አለ የክፍሌ ልጅ ቢኒያም። ሁሉም ሳቀ።

መምህሬ አልሳቁም። "አሥር ደቂቃ አለሽ" አሉ ሰዓታቸውን እያዩ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጋሽ ሰይድ ዘንጉን ቀጥ አድርገውታል!

"ቢኒ፣ ቀልዱን ተውና ና ያዝልኝ!" ዘንጉ ቀጭን ፌሮ ስለነበር መዝዘን አወጣነው፤ በመስኮቱ ብረቶች መሐል ሰክተን ተጫንነው። መልሰን ስናዞረው አንዱ በር ቀጭ አለ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው።

"ቀጥ ሲል ለምን አልሠራም?" አሉ መምህሬ።

"ቀጥ ያለ ዘንግ ቢዞርም ሁሌ ያው ነው፤ ለኪሶቹ ምንም አይቀየርላቸውም። ተራ የሚሰጣቸው ጉብጠቱ ነው።"

"እሱን ነው የፈለግኩት" ብለው ውጤቴን ጻፉ።

ማለፌ ንዴቴን አላበረደውም። ሞዴሉን ተሸክሜ በቀጥታ ብየዳ ቤቱ ገባሁ። "ጋሽ ሰይድ፣ ምነው አቀኑብኝ?"

"ከኔ ቤት ጠማማ ዘንግ ወጥቶ ያውቃል እንዴ? ይጉበጥ ስትዪኝ የተሳሳትሽ መስሎኝ ነዋ!" ብለው እጀታውን አዞሩ። በሮቹ በየተራ ሲከፈቱ ደጋግመው አዩ። "እንዲህ እንዲገፋ ነው እንዴ? ይህንን ብትነግሪኝ ኖሮ አሳምሬ አጎብጥልሽ አልነበር?"

እውነታቸውን ነው። ቅርጹን ነግሬአቸው ሥራውን ሳልነግራቸው ነው የሄድኩት።

ነገ ሁለተኛው ፔሬድ የኔ ነው። ሰሌዳው ላይ ምንም አልስልም። ሦስቱ ኪሶች ለምን ተራ እንደሚያስፈልጋቸው ብቻ እነግራቸዋለሁ፤ ዘንጉን ራሳቸው ያጎብጡታል።