አሳማ አኮላሹ ሞሊቮኖ

በማሎ ደሴት አሳማ ማኮላሸት እንደ ሞሊቮኖ የሚያውቅበት ሰው አልነበረም። ዕድሉ ሆኖ ግን እሱ ራሱ ጢም የለውም፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ልጅም አልወለደም። የአጎቱ ልጅ ቪራ ካቫ የሚሉት የሥር መጠጥ በተጠጣ ቁጥር ይቺኑ ያነሳል። «ቢላዋውን መጀመሪያ የሞከረው በራሱ ላይ ነው እኮ!» ሰው ሁሉ ይንከተከታል። አንድ ቀን የሞሊቮኖ ሚስት ባለችበት ደገመው። እሷ አፍራ ተነስታ ሄደች። ያኔ ሞሊቮኖ ቂም ቋጠረ።

ጤና ጣቢያ ሄዶ አሮጊቷን ነርስ ሌይዋን ጠየቃት።

«እትዬ፣ ምን ጎድሎኝ ነው?»

«ልጅ ሆነህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ቆለጥህ አብጦ የለም? የወንድ ሆርሞን የሚመረተው እዚያ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ ሰውነትን ይዞራል፤ ጢም ያበቅላል፣ ድምፅ ያጎረንናል፣ ጡንቻ ያጠነክራል፣ ቁጣም ይጨምራል። ያንተ ፍሬዎች ተጎድተዋል።»

«አንዷ ብቻ ብትተርፍስ?»

«ጤነኛ ከሆነች አንዷም ትበቃለች።»

ሞሊቮኖ ይቺን ቃል ይዞ ወጣ።

ቪራ አለቃ መሆን አምሮታል። አለቃ የሚኮነው ደግሞ ጥርሱ ክብ ሠርቶ የዞረ ወንድ አሳማ በማረድ ነው፤ እሱን ማሳደግ ዓመታት ይፈጃል። ያልተኮላሸ እንደሆነ ሆርሞኑ ያሳብደውና ጥርሱን ይሰብራል። ቪራ የአሳማ ግልገል አቅፎ መጣ።

«ና እስቲ ወንድሜ፣ እንዳንተ አድርግልኝ!»

አይ ድፍረት! ሞሊቮኖ ሳቀለት። አንዷን ፍሬ አወጣ፣ ሌላዋን ወደ ሆዱ ገፍቶ ቆዳውን ሰፋ።

በዓመታት ውስጥ አሳማው አደገ፣ ጥርሱ ዞረ፣ ሸተተ፣ ሰው ነከሰ።

«ምን ሆኖብኝ ነው?» ይላል ቪራ።

«ጥጋብ ነው፤ ኮኮናት ቀንስለት» ይለዋል ሞሊቮኖ።

በሹመቱ ዋዜማ አሳማውን የሴት አሳማ ሽታ ሸተተውና ገመዱን በጠሰ። አጥሩን ሲገለብጥ ያ የዞረ ጥርስ ከሥሩ ተሰበረ። ቪራ መሬት ላይ ተዘርፍጦ አለቀሰ። የሞሊቮኖ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ጥርሱ የተሰበረ አሳማ ለሹመት አይሆንምና ታረደ። ሞሊቮኖ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ግን የደረሰበት ሰው ያላወቀው በቀል ምኑ በቀል ነው? በሰው ሁሉ ፊት ከአሳማው ሆድ ያቺን ፍሬ አወጣና ቪራ ጭን ላይ ወረወራት።

«እየው የኔ ጌታ! እኔ የሌለኝን ላሳማህ ተውኩለት!»

የሳቀ የለም። ከዚያ ወዲያም ለሞሊቮኖ አሳማውን አኮላሽልኝ ብሎ የሰጠው ሰው የለም።

«እሺ፣ አሁን ምን ልንበላ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ቦዬ እቆፍራለሁ። ቪራ ግን ሌላ አሳማ አሳድጎ አይደርስበትም፤ እስኪሞት አለቃ አይባልም!»