ሊፕስቲክ የተቀባ ጠመንጃ

አማቴ ለትንሽ ጊዜ ሊጠይቁን እንደመጡ ኮሮና ገባና በረራ ቆመ። እኔም ሥራዬ አውሮፕላን መጠገን ስለነበር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ተሰጥቶኝ ቤት ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ የምትሠራበት የአል ዐይን ሆስፒታል ሠራተኞቹን ሆቴል አስገብቶ ወደ ቤት አትሄዱም አላቸው። እንግዲህ እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ፈላሕ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ቪላ ጀርባ በተከራየናት ሁለት ክፍል፣ አማትና አማች ተፋጠጥን።

አማቴ በረኪና ይወዳሉ። ከውጭ የገባ ነገር ሳይታጠብ ጠረጴዛ አይነካም። ሙዙን አንድ በአንድ በሳሙና ያሹታል። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴን፣ አጥበው ከካልሲ ጋር አስጥተውት አግኝቻለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ «እኔንስ መቼ ነው የሚዘፈዝፉኝ?» ብላቸው፣ እያሰቡበት እንደሆነ ከፊታቸው አነበብኩ።

አከራያችን፣ ቪላው ውስጥ የሚኖሩ አዛውንት፣ አንድ ጠዋት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። የአባታቸው ጠመንጃ ነበር። በርሜሉ ድሮ ስለተደፈነ አይተኩስም። ምላጩ ሲሳብ ግን ባልጩት የነከሰች ትንሽ መዶሻ ብረት ላይ ወርዳ እሳት ትጭራለች፤ ወይም ትጭር ነበር፣ አሁን በአቧራ ተይዛለች። ልጃቸው ሊያገባ ነው፤ ሠርግ ላይ ጠመንጃ ይዞ፣ ወደ ላይ እየወረወሩ እየቀለቡ መጨፈር ደግሞ የአገሩ ወግ ነው።

«ሙሃንዲስ» አሉኝ፤ ኢንጂነር ማለታቸው ነው፣ ሁልጊዜ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው። «ወንድሞቼ አል ዐይን ናቸው፤ መንገድ ተዘግቷል፣ አይመጡም። ከአባቴ ቤት ሠርጉ ላይ የሚቆምልኝ ይህ ብቻ ነው።»

«ባባ፣ የአውሮፕላን ሞተር የፈታ እጅ ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ምነው አፌን በቆረጠው!

መዶሻዋም ሞላዋም የተሰኩት መዳፍ በምታህል ብረት ላይ ነው፤ ብረቷ ደግሞ የእንጨቱ ጎን ላይ በልኳ በተፈለፈለ ጉድጓድ ትገባለች። ሁለት ብሎን ፈትቼ ያለ ችግር አወጣኋት። ሁለት ቀን ዘይት ውስጥ አቆይቼ አጸዳኋት፣ እሳት ጫረች፣ ጨፈርኩ። ልመልሳት ስል ግን አልገባም አለች። ገፋሁ። አልገባም። አገላብጬ፣ ለምኜ፣ ተሳድቤ ሞከርኩ። ከራሷ ጉድጓድ የወጣች ብረት እንዴት አልመለስም ትላለች?

አል ዐይን፣ ሰናይያ በሚሉት የጋራዥና የብረት ሥራ ሰፈር ካሉት ባለሙያዎች ዘንድ እንዳልወስዳት መንገዱ ዝግ ነው። መሮ አነሳሁ። ግን የቱን ልፈልፍል? ሥራ ቦታ፣ ሁለት ብረት የት ላይ እንደሚነካካ ሲጠፋን ቀለም ቀብተን እናጋጥማቸዋለን፤ የጠበቀው ቦታ ቀለም ይይዛል። ቤት ውስጥ ቀለም የለም። የባለቤቴ ሊፕስቲክ ግን አለ፤ ማስክ ከመጣ ወዲህ ማንም አልከፈተውም። የብረቷን ጠርዝ ቀባሁ፣ ተጫንኩ፣ አወጣሁ፣ ላቤን ጠረግሁ፣ ደግሞ ቀባሁ። በዚህ መሀል ባለቤቴ በቪዲዮ ደወለች።

«አንገትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ሊፕስቲክ።»

ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። «ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«እናትሽ ብቻ።»

ይህ መልስ ነገሩን እንዳላሻሻለው የገባኝ ከተናገርኩት በኋላ ነው። ጠመንጃውን ለካሜራው አሳየኋት፤ እሱም ብዙ አልረዳኝም።

ስልኩን ዘግቼ ጉድጓዱን አየሁት። አንድ ቦታ ብቻ ቢቀላ ኖሮ እዚያች ላይ መፈልፈል ነበር። ይኼ ግን ዙሪያውን ቀልቷል። ዙሪያውን ከጠበበ እንጨቱ አብጧል ማለት ነው፤ እንጨት ደግሞ በዚህ በረሃ ዝም ብሎ አያብጥም።

«እማማ፣ ይህን እንጨት ነክተውታል?»

«መንካት? ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት እንጂ!» አሉ በኩራት። «ስንት ዘመን ስንት ሰው የጨበጠው ዕቃ!»

ራሴን ያዝኩ። ብጮህባቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አማት ናቸው። አሁን ብፈለፍለው ሲደርቅ ጉድጓዱ ይሰፋና ብረቷ ትወድቃለች። ፀሐይ ላይ ባሰጣው ይሰነጠቃል። ያለው መጠበቅ ብቻ ነው፤ ሠርጉ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ዓርብ ነው። ክፍሉ ውስጥ ቬንቲሌተር ፊት አስተኛነው። አማቴ «ለትንሽ ደቂቃ ኦቨን ውስጥ ብናደርገውስ?» አሉ። «እማማ፣ ዳቦ አይደለም!» ከዚያ ጴንጤ ናቸውና እጃቸውን ጭነው ውሃውን ገሠጹት። «ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!» እኔም አሜን አልኩ፣ ምን አማራጭ አለኝ።

አዛውንቱ በአጥር በኩል «ሙሃንዲስ፣ ኢንሻላህ?» ባሉ ቁጥር «ኢንሻላህ፣ ባባ» እላለሁ። ወንድሞቻቸው በማይገኙበት ሠርግ የአባታቸውንም ጠመንጃ ላሳጣቸው ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ዓርብ ጠዋት ብረቷ ገባች። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ የጥፍር ውፍረት ያህል ብቅ ብላ ቀረች፤ ብሎኖቹ ግን ያዙ። «ባባ፣ አደራ፣ እንዳይወረውሩት» አልኳቸው።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ትከሻዬ ላይ ብቻ» አሉ።

ሠርጉ ሠርግ አይመስልም ነበር። ግቢው ውስጥ ሙሽራው፣ ተራርቀው የቆሙ ጥቂት ዘመዶች፣ ከስፒከር የሚወጣ ከበሮ። አዛውንቱ ጠመንጃውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ብቻቸውን ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የሚያጨበጭብ እንኳ የለም። እኛ ከጓሮ በራችን ላይ ቆመን ስናያቸው አንጀቴን በሉኝ።

ድንገት ከጎኔ «እልልልልል!» አማቴ ናቸው። አዛውንቱ ቀጥ አሉ፣ ወደ እኛ ዞሩ፣ ወገባቸው ቀና አለ፤ ያንን ጠመንጃ ወደ ሰማይ ወረወሩት። ተሽከርክሮ እጃቸው ላይ ገባ። ብረቷ አለች! አማቴ ደግመው እልል አሉ። አዛውንቱም ደግመው ወረወሩ፣ አሁን ከፍ አድርገው።

«እማማ፣ በፈጠረዎት ዝም ይበሉ! ትወልቃለች!»

«ሰው ልጁን ሲድር ዝም ይባላል እንዴ?» ብለው በክርናቸው ጎሸሙኝ። «ይልቅ አንተም አጨብጭብ!»

ጠመንጃው አየር ላይ በሆነ ቁጥር ዓይኔን እየጨፈንኩ አጨበጨብኩ።