ስም የለጠፍኩባት መኪና

ልጅ ሳለሁ እናቴ ቢሮ ስታጸዳ ስለምታመሽ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምቆየው ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ ግድግዳ ከምንጋራቸው ከጋሽ ታደሰ ቤት ነበር። እሳቸው ብቻቸውን ነበሩ፤ እኔም እህት ወንድም አልነበረኝም። ያኔ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው እንደ ፍም ሲቀላ ፊቱ እንቀመጥና፣ መስኮቱ ላይ የደረደሯቸውን መጫወቻ የጣሊያን መኪናዎች አንድ በአንድ እያነሱ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ሲሠሩ የሰሙትን የመኪናዎቹን ስም ታሪክ ያወሩልኝ ነበር።

«ሚዩራ የተዋጊ በሬ ዘር ነው፤ ፊቷ እንዳትቆሚ፣ ትወጋሻለች! ጊብሊ የሊቢያ በረሃ ነፋስ ነው። ካምሲንም ነፋስ ነው፤ እሱንማ ስሰደድ ሱዳን ላይ ከነአሸዋው ቅሜዋለሁ! ለመኪና ስም ያደረጉት ያልቀመሱት ናቸው።» ቀይዋን ዲኖ ሲያነሱ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ሠሪው ልጁ በወጣትነቱ ሞተበት፤ በስሙ ጠራት። ምን ያድርግ፣ አባት አይደል?» ከዚያ ዓይናቸው አዲስ አበባ ወደቀረው ልጃቸው፣ ወደ ሄኖክ ፎቶ ይሄዳል። ቪዛ አፕላይ አድርጎ እየጠበቁት ነበር።

አንድ ሐሙስ እናቴ ስልክ ይዛ ስታለቅስ ሰማሁ። ሄኖክ ሞቷል። ሽማግሌዎች እሑድ ንጋት ላይ ተሰብስበው ሊያረዷቸው ተስማምተዋል።

«እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ!» አለችኝ።

አልተነፈስኩም። አርብ ዕለት ግን አንጀቴ አልቻለም፤ ጋሽ ታደሰ ሻይ ሲያፈሉ፣ ስም ያልነበራትን ነጯን መኪና አንስቼ፣ እሳቸው ባስተማሩኝ ፊደል «ሄኖክ» ብዬ ጽፌ ኋላዋ ላይ ለጠፍኩ። ማጽናናቴ ነበር፤ አፌን እንደሆነ አልከፈትኩም።

አንስተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ዲኖን አዩ፣ እኔን አዩኝ፤ ፈገግታው ጠፋ።

«መቼ?» አሉ።

«እማዬ አትናገሪ ብላኛለች» ብዬ አለቀስኩ።

እንባዬን በእጃቸው ጠርገው ሻዬን ሰጡኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲያንኳኩ ጥቁር ለብሰው ከፈቱ። «ማን ነገረዎት?» ሲሏቸው «ልቤ» አሉ። እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም።

መርዶ ለምን በሰው መሀል እንደሚነገር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ነጯ መኪና አሁን እኔ ዘንድ ናት፤ ስሙም አልተላጠም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ናቸው፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተኝቼ፣ ጋሽ ታደሰ እናቴ ሰምታ እንዳትቆጣኝ ድምፃቸውን አፍነው ብቻቸውን ያለቀሱባቸው።