ያላሉትን አሉ ያልኳቸው እናት

አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የምርቃት ዜና የምጽፈው ከምርቃቱ በፊት ነበር። አሠራራችን ነው። አለቃዬ ዜናው በዕለቱ ፌስቡክ ላይ እንዲወጣለት ይፈልጋል፤ መኪናው ደግሞ የሚመልሰን ከመሸ ነው። ስለዚህ የኃላፊው ንግግር፣ የሕዝቡ ደስታ፣ "የተጠቃሚዎች አስተያየት" የምንላት የመጨረሻዋ አንቀጽ ሳትቀር ቢሮ ተቀምጬ እጨርሳለሁ። ቦታው ስደርስ የሚቀረኝ አስተያየቱን የምሰጠው ሰው መፈለግ ብቻ ነው። እናት ብትሆን ይመረጣል።

ወደ እንጭኒ በሚወስደው መንገድ ባለች አንዲት መንደር የውሃ ቦኖ ሲመረቅም እንዲሁ አደረግሁ። ውሃውን ለሚስበው ሞተር መብራት ገና አልገባለትም ነበር። ጠዋት ቦቴ መጥቶ ማጠራቀሚያውን ሞላው። አይቻለሁ። አላየሁም ብል ውሸቴ ሁለት ይሆናል። ሪባን ተቆረጠ፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ ተጨበጨበ። ከተሰለፉት መካከል ቢጫ ጀሪካን የያዙ ጠና ያሉ እናት መረጥኩና በኦሮምኛ ምን እንደተሰማቸው ጠየቅኋቸው።

"ነገም ይመጣል?" ብለው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ።

"ይመጣል፣ ሃርሜ፣ እናቴ" አልኳቸውና ፎቶ አነሳኋቸው።

ከፎቶው ሥር የወጣው ግን ቢሮ የጻፍኩት ነው፦ "ከእንግዲህ ወንዝ መውረድ ቀርቶልናል፤ የውሃ ችግራችን ተፈትቷል።" ጽሑፉ ተወደደልኝ፤ በዓመታዊ መጽሔታችንም ገባ። ኮርቼበት ነበር።

ቦቴው ያመጣው ውሃ ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም አሉ። ሞተሩም ሳይነሳ ቀረ።

ከዓመት በኋላ እኚያ እናት የመንደሩ ሰው ወክሏቸው ማመልከቻ ይዘው ቢሮ መጡ። ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ወዲያው ለዩኝ፤ ፊታቸው በራ።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እንኳን አንተን አገኘሁ። አንተ ታውቀናለህ፤ ንገርልን።"

ይዣቸው ገባሁ። ልናገርላቸው አስቤ ነበር፤ እግዜር ያውቃል።

አለቃዬ ማመልከቻውን እስከ ግማሽ አነበበና ከመደርደሪያው መጽሔቱን አወጣ። ፎቷቸውን አሳያቸው፤ ከሥሩ ያለውንም ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ አነበበላቸው። "እናንተ ጋ እኮ ችግሩ ተፈትቷል፤ ራስዎ ነዎት ያሉት" አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ይሄን ያሉት እሳቸው አይደሉም እንዴ?"

"ናቸው" አልኩ።

ስለ ደሞዜ፣ ስለ ቤተሰቤ ብዙ ምክንያት መደርደር እችላለሁ። ግን ፈርቼ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እውነቱን የያዘው ሰው ራሱ አጠገብ ቆሞ ሲዋሽ መቼ እንደሚጠራ እኔ አላውቅም።

እናትየዋ ፎቶውን ትክ ብለው አዩት። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ማመልከቻቸውን ቀስ ብለው አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

"እሱ የተማረ ልጅ ነው፤ አይዋሽም" አሉት አለቃዬን። "ብዬ ይሆናል። እርጅና ነው፤ ይቅር በሉኝ።"