የካሳነሽ ጉድጓድ

ፊታውራሪ ገሪማ «ነፃነታችሁን ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ምራቄን ጢቅ አደርጋለሁ። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ኒሻናቸውን ደርድረው፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ዲላ አደባባይ ይቆማሉ። እኛም እናጨበጭባለን። ኤዲያ! አክስቴ ካሳነሽ ግን እኔ ቤት ተጠግታ ነው የምትኖረው። የበዓሉን መለከት ስትሰማ «በሩን ዝጊው» ትለኛለች።

በጣሊያን ጊዜ ይኸው ገሪማ ቆስሎ ጓሮዋ ወደቀ። ያኔ አንቱ የሚለው አልነበረም። እሷ ባሏ የሞተባት፣ እንሰት ፍቃ የምታድር ሴት ነበረች። በእኛ በጌዴኦዎች ዘንድ ሴቶች እንሰት ከሚፍቁበት ወንድ አይደርስም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ቆጮ እስኪብላላ ከምትቀብርባቸው፣ ሽታቸው ከሩቅ ከሚጣራ ጉድጓዶች አንዱን ባዶ አድርጋ እዚያ ከተተችው፤ ከላይ የእንሰት ቅጠል አለበሰችው። ባንዶቹ ሊፈትሹ ሲመጡ እሷና እናቴ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ ብለው ይፍቁ ጀመር። ባንዶቹም የአገሩ ልጆች ናቸውና አፍረው ከአጥሩ ተመለሱ። ጀግናችን የተረፈው እንዲህ ነው! ቁስሉ እስኪደርቅ ቆጮዋን እየበላ «እናቴ» ይላት ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ ለአርበኝነቱ መሬት ተሰጠው። የት? እዚያው፣ የእሷ ጓሮ ያለበት! አክስቴ በአባቷ መሬት ጭሰኛ ሆነች። ይሁን ብላ ቻለችው። በኋላ ቡና ዋጋ ሲያወጣ ደግሞ፣ እንሰቱ ተነቅሎ ቡና ይተከል፣ እሷም ትነሳ ተባለ።

የዚያን ዓመት ሚያዝያ 27 ከእንሰት ፍቂያዋ ተነስታ፣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር፣ ሰዉን ሰንጥቃ መድረኩ ሥር ደረሰች። እሳቸው ተራራ ላይ ብቻቸውን ስንቱን ጣሊያን እንደፈጁ እያወሩ ነበር።

«ጌታዬ፣ እንሰቴን አያስነቅሉብኝ። የምበላው እሱን ነው» አለች።

ፊታውራሪ ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። «ኧረ ይህን ሽታ ከፊቴ አርቁልኝ!»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ቱ! እኔን ያቃጠለኝ ያ ሳቅ ነው። ዘበኞቹ ክንዷን ይዘው ሲጎትቷት አክስቴ ዞር አለች።

«አንተ ገሪማ! ጉድጓዴ ውስጥ ተኝተህ ሳለህ አፍንጫህን አልያዝክም!»

ፊታውራሪ ንግግራቸውን አልጨረሱም፤ በቅሏቸውን አስመጥተው ሄዱ።

በማግስቱ ሰዎቻቸው ገጀራና አካፋ ይዘው ጓሮዋ ገቡ። እንሰቱን ከመንካታቸው በፊት ጉድጓዱን ደፈኑት።